ሪቨርቡን ስከፍተው አምፑ «እምምም» ይላል፤ መላ በሉኝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምጽፈው ከደብረ ማርቆስ ነው። ክራር እጫወታለሁ፤ ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ) የተገጠመለት ክራር። የምሰካው አሜሪካ ያለ ዘመድ በላከልኝ የጊታር አምፕ ላይ ነው። አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ባለ ቲዩብ፣ ማለትም በመስታወት ቱቦ የሚያጎላ ነው፤ ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባ ባለ ሞላ ሪቨርብም አለው። የሚሠራው በ120 ቮልት ስለሆነ ከ220 የሚያወርድ ትራንስፎርመር አለው። ከሱ በፊት ደግሞ ስታብላይዘር አለ። ሦስቱም ተጠጋግተው ነው የሚቀመጡት።

ችግሩ ይህ ነው። የሪቨርቡ ቁልፍ ዜሮ ላይ ሲሆን አምፑ ጸጥ ያለ ነው። ወደ 3 ሳደርሰው ወፍራም «እምምም» ይጀምራል። 5 ላይ ክራሩን ይሸፍነዋል። ክራሩን ብነቅለውም ለውጥ የለውም። እዚሁ ከተማ ያሳየሁት ጠጋኝ ካፓሲተሮቹን (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ክፍሎች) በሙሉ እንቀይር አለኝ። ዋጋው ቀላል አይደለም። ገንዘቡን ከማውጣቴ በፊት እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው። ጥር የሠርግ ወር ነው፤ ዳስ ውስጥ ያለ ሪቨርብ የክራር ድምፅ ይደርቅብኛል።

(ከዚህ በታች ያለውን ኋላ የጨመርኩት ነው። መልሱ ብዙ ሆኖ ክሩ (ውይይቱ) ረዘመ፤ መሃል ላይም ከመንገድ ወጣ። ያው ችግር የሚገጥመው ሰው ሁሉን እንዳያገላብጥ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጫለሁ።)

መልስ 1 ከባሕር ዳር የመጣ ነው። ጸሐፊው የአዳራሽ ድምፅ የሚያስተካክል ወንድም ነው። ሰላምታውን አድርሶ ቀጥታ ወደ ነገሩ ገባ። ካፓሲተር ለመቀየር እንዳልቸኩል፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዳይሆንብኝ መከረኝ። የዋናው ኃይል ካፓሲተሮች ደክመው ቢሆን ኖሮ አምፑ ሪቨርቡ ተዘግቶም ያሰማ ነበር። የኔ ግን ቁልፉን ተከትሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ድምፁ የሚገባው ከቁልፉ በፊት፣ በራሱ በሪቨርቡ መንገድ ላይ ነው።

መልስ 2 እና 3 ግን ካፓሲተር ነው አሉ። 2ኛው በአንድ መስመር ጨረሰው። 3ኛው ቡሬ አንድ ሆቴል ውስጥ የነበረ አምፕ እንዲሁ ሲያስቸግር ከርሞ ካፓሲተሩ ሲቀየር ዝም እንዳለ ነገረን። በ4 ላይ የባሕር ዳሩ ተመልሶ የቡሬው አምፕ ሪቨርቡ ሲዘጋም ያሰማ እንደሆነ ጠየቀው። መልሱ በ6 ላይ መጣ። አዎ፣ ቮልዩሙ ሁሉ ተዘግቶም ያሰማ ነበር። እንግዲያው የሁለቱ በሽታ አንድ አይደለም ብሎ ራሱ ጻፈ። እንዲህ ያለ ሰው ክርን ያቀናል፤ ምስጋናዬ ይድረሰው።

መልስ 5ን ሁለት ጊዜ አንብቡት። የጻፈችው ዳንግላ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የምትጠግን እህት ናት። መጀመሪያ ዕቃውን አስረዳችን። የሪቨርብ ታንክ የሚባለው ረዘም ያለ የብረት ሳጥን ነው፤ ትልቁ ዓይነት 43 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ውስጡ ቀጫጭን ሞላዎች ተወጥረዋል። በአንዱ ጫፍ ያለው ጥቅል ሽቦ የክራሩን ሲግናል ወደ ንዝረት ይለውጠዋል። ንዝረቱ በሞላው ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። በሌላው ጫፍ ያለው ጥቅል ሽቦ ደግሞ መልሶ ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። እዚያ ጫፍ ላይ የሚገኘው ሲግናል በሚሊቮልት የሚቆጠር ነው። በጣም ትንሽ ስለሆነ ከኋላው ያለው ቲዩብ ብዙ እጥፍ ያጎላዋል። ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የመውጫው ጥቅል ሽቦ የሞላውን ንዝረት ብቻ አይቀበልም። አጠገቡ ያለ ትራንስፎርመር የሚረጨው መግነጢሳዊ መስክም ይገባበታል። ቲዩቡ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም ያጎላል።

ከዚያ ፈተናውን ሰጠችኝ። አምፑን መፍታት አያስፈልገውም። ከኋላ ወደ ታንኩ የሚሄዱት ሁለት ገመዶች ይበቃሉ። ሪቨርቡን 5 ላይ አድርጌ ከታንኩ መውጫ የሚመጣውን ገመድ አምፑ በኩል እንድነቅል አዘዘችኝ። በቦታው መሃሉና ዳሩ የተገናኘ፣ ማለትም ሾርት የተደረገ አርሲኤ ጃክ (የድምፅ ገመድ መሰኪያ) እሰካለሁ። ድምፁ ከቀጠለ ችግሩ አምፑ ውስጥ ነው፤ ተቀባዩ ቲዩብ ወይም የሱ ካፓሲተር ይጠረጠራል። ከጠፋ ግን አምፑ ነፃ ነው፤ የሚቀረው ገመዱና ታንኩ ነው። ጃኩን ሳልሰካ ባዶውን እንዳልተወው አስጠነቀቀችኝ። ክፍት የሆነ መግቢያ በራሱ ድምፅ ስለሚስብ ፈተናውን ያሳስታል። ቀጥሎ ወደ ታንኩ የሚገባውን ገመድ እነቅላለሁ። ያኔ ከጠፋ ታንኩን የሚነዳው ክፍል ነው የሚልከው።

ማስጠንቀቂያዋን ለብቻው አስቀምጠዋለሁ። ቲዩብ አምፕ ስፒከሩ ተነቅሎ አይበራም፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ሳጥኑን ፈቶ ውስጡን መንካት ደግሞ ልምድ ላለው ብቻ ነው። ካፓሲተሮቹ ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም 400 ቮልት እና ከዚያ በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። በሬዚስተር ባዶ ሳይደረጉና በቴስተር ሳይረጋገጡ እጅ አይገባም።

7 የኔ መልስ ነው። ሾርት ጃኩን ስሰካ ድምፁ ድርግም ብሎ ጠፋ። ገመዱን ስመልስ መጣ። የታንኩን መግቢያ መንቀል ምንም አልለወጠም። ጠጋኙ ሊያስቀይረኝ የነበረው ካፓሲተር በሙሉ በአንድ ጃክ ከተጠርጣሪነት ወጣ።

መልስ 8 የቤዝ ተጫዋች ነው፤ ከሞጣ። ጆሮ ላለው ሰው የሚጣፍጥ ነገር አመጣ። የመብራታችን ሞገድ 50 ኸርዝ ነው። ጂ የተባለው ኖታ ዝቅ ያለው ደግሞ 49 ኸርዝ ነው። ስለዚህ ይህ ድምፅ ከጂ በግማሽ ድምፅ ሲሶ ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ክራሬን በጂ ስቃኘው ለምን እንደዚያ እንደሚያስጠላ የገባኝ ያኔ ነው። ቅኝቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የተዛባ ይመስላል። አሜሪካ 60 ኸርዝ ስለሆነ እዚያ የሚሰማው በቢ ፍላትና በቢ መካከል ነው። ወንድማችን አክሎም ከሬክቲፋየር (ተለዋዋጩን ኮረንቲ ቀጥተኛ ከሚያደርገው ክፍል) በኋላ የሚመጣ ችግር 100 ኸርዝ እንደሚሆን ነገረን። በ9 ላይ የዳንግላዋ እህት በጨዋ ቋንቋ አረመችው። በቁጥሩ ተስማማች። የጊታር ስፒከር ግን 50 ኸርዝን አጥርቶ ስለማያወጣ ጆሮ የሚሰማው ብዛቶቹን፣ 100ን እና 150ን ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የድምፁን ጠባይ ማየት ይሻላል። ለስላሳና ክብ ከሆነ ከትራንስፎርመር መስክ፣ ሸካራ «ዝዝዝ» ከሆነ ከሬክቲፋየሩ ወይም ከተበጠሰ የገመድ መከለያ ሽቦ መጠርጠር ነው። የኔ ለስላሳው ነው፤ ሸካራው አልፎ አልፎ ጣልቃ ይገባል።

መልስ 10 ታንኩን በአልሙኒየም ፎይል እንድጠቀልለው መከረ። 11 ትንሽ ቆጣ ብሎ መጣ። አልሙኒየም የሬዲዮ ሞገድን ቢያግድም የ50 ኸርዝን መግነጢሳዊ መስክ እንደማያቆም፣ ሰው ዝም ብሎ የሰማውን እየደገመ ሌላውን እንደሚያሳስት ጻፈ። ቁጣው ባይኖር ይሻል ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው። ለዚህ የሚረዳው ብረት ነው፤ የቤት ክዳን ቆርቆሮም ብረት ስለሆነ ጥቂት ያግዛል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ርቀትና አቅጣጫ ነው። ከትራንስፎርመር ሲርቁ መስኩ በፍጥነት ይወድቃል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይጠጋል። ስታብላይዘሩንና ማውረጃውን ከአምፑ ጀርባ መከመሬን አይቶ፣ ሁለቱን እስከ ገመዱ ጫፍ እንዳርቃቸው ነገረኝ።

መልስ 12 ላይ ክሩ ተቃጠለ። ጸሐፊው ሰው ለመርዳት ነው የመጣው፤ በዚያ አልጠረጥረውም። ምክሩ ግን የአምፑን መሰኪያ ሦስተኛ እግር፣ ያፈተለከ ኮረንቲን ወደ መሬት የሚወስደውን ኧርዙን፣ እንድቆርጠው ነበር። ብዙ ጊዜ ድምፁን እንዳጠፋለትም መሰከረ።

13 ወዲያው መጣ፤ ምንም ማለሳለስ የለበትም። ይህ ምክር ሰው እንደሚገድል፣ ከክሩ እንዲሰረዝም ጠየቀ። 14 ላይ የ12ቱ ሰው ተከፋ። ዓመታት እንደሠራና አንድም ሰው እንዳልተጎዳ ተከራከረ። 15 ስም አነሳ። የስኮትላንዱ ባንድ የስቶን ዘ ክሮውስ ጊታሪስት ሌስ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ስዋንዚ ከተማ መድረክ ላይ ኧርዙ በትክክል ያልተሠራ ማይክሮፎን ነክቶ በኮረንቲ ሞቷል። ክራር ተጫዋችም እንዲሁ ነው። እጁ ክር ላይ፣ ከንፈሩ ማይክ ላይ ነው። የአምፑ ብረት ፌዝ (ኮረንቲ ያለውን ሽቦ) ከነካና ኧርዝ ከሌለ መንገዱ የሰውየው አካል ይሆናል። እኔ በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። ኧርዝ አይቆረጥም። 12ን ግን እንዲሰረዝ አልፈለግሁም፤ ከነመልሱ ይቀመጥ፤ ያው ምክር ዳስ ውስጥ ሲሰጥ ሰምቻለሁና።

16 እሳቱን አበረደው። ጸሐፊው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከእንጅባራ። አንዳንዱ ማውረጃ ትራንስፎርመር ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ኖሮት ኧርዙን ከግድግዳው ወደ አምፑ እንደማያስተላልፍ አስታወሰን። ርካሾቹ ደግሞ ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ ናቸው፤ ከዋናው መስመር አይለዩም። ስለዚህ ሁሉን ነቅሎ፣ የግድግዳውን መሰኪያ የኧርዝ ብረትና የአምፑን ብረት በቴስተር መለካት ነው። ዜሮ ኦም ገደማ ካልሆነ መንገዱ ተቋርጧል። ቤቱ ራሱ ኧርዝ ከሌለው መሬት ውስጥ የሚቀበረውን ዘንግ ባለሙያ ይትከለው። 12ኛው ይህን አንብቦ አመሰገነ፤ የራሱን ማውረጃ ሊለካ ሄደ።

ከ17 ጀምሮ ጨዋታው ሌላ ሆነ። ከቢቸና የጻፉ አንድ አባት ናቸው፤ ሁሉም አያ እያለ ነው የመለሰላቸው። ማሲንቆና ክራር ያለዚህ ሁሉ ዕቃ ዳስ ሲሞሉ እንደኖሩ፣ አዝማሪ በጉሮሮው እንጂ በሞላ እንደማይጫወት ጻፉ። 18 በአክብሮት ተቃወማቸው። ድሮ እንግዳው ተጠግቶ ነበር የሚሰማው። ዛሬ ዳሱ ሸራ ነው፤ ሸራ ድምፅ አይመልስም፤ ሕዝቡም ብዙ ነው። 19 የታሪክ ወዳጅ ነው። የሞላ ሪቨርብ ቀድሞ ለሃሞንድ ኦርጋን እንደተሠራ፣ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1961 ለብቻው በሳጥን፣ በ1963 ደግሞ ቫይብሮቨርብ በተባለው አምፕ ውስጥ እንዳስገባው ጻፈ።

20 በገና የምትደረድር እህት ናት። ከዚህ ሁሉ ወጣ ያለ ጨዋታ ልቤን የነካው የእሷ ነው። የበገና «ዝዝዝታ» ጉድለት አይደለም። በጅማቱና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ሆን ተብሎ የሚያመጣው ነው። በዐቢይ ጾም ወቅት በማይክ ስትደረድር ድምፅ ተቆጣጣሪው ብልሽት መስሎት ቀጭኑን ድምፅ (ትሬብሉን) ይቀንስባታል። በገናው ድምፁ ይሞታል። ድምፅ የሚያስተካክል ሰው መሣሪያውን መጀመሪያ ያለ ማጉያ ይስማው ነው የምትለው። ልክ ናት። 21 ይህ ከርዕሱ ውጭ ነው ብሎ ተቆጣ። በ22 ለሁሉም ምስጋናዬን ጽፌ ወደ አምፑ መለስኳቸው፤ በገናው የራሱ ክር ይገባዋል።

መልስ 23 ተቀባዩን 12ኤኤክስ7 ቲዩብ አውጥቼ ማጉላቱ አነስ ባለው በ12ኤዩ7 እንድተካው መከረ። ሲሰማ ጥሩ ይመስላል። 24 ግን አጠር አድርጎ ዘጋው። የማጉላት አቅሙን ብትቀንስ «እምምታው»ም ሪቨርቡም እኩል ይወርዳሉ። ቁልፉን ዝቅ ከማድረግ አይለይም።

መልስ 25 ታንኩ ላይ የተጻፈውን ኮድ ጠየቀኝ። 4ኤቢ3ሲ1ቢ ይላል። ፈታልኝ። 4 ረጅሙ ዓይነት ነው። ኤ መግቢያው 8 ኦም፣ ቢ መውጫው 2,250 ኦም መሆኑን ያሳያል። 3 የሚጎተተው ድምፅ ረጅም መሆኑን ይናገራል። ሲ ለኛ ጉዳይ ዋናው ፊደል ነው። የመግቢያው ጃክ ከታንኩ ብረት የተለየ፣ የመውጫው ጃክ ከብረቱ የተያያዘ ነው ማለት ነው። ታንኩ ግራውንድ (የአምፑን የጋራ ዜሮ መስመር) የሚያገኘው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ሁለቱም የተያያዙበት ታንክ ቢገባ ግራውንዱ ክብ ሠርቶ ራሱ ድምፅ ያመጣል። ሁለቱም ያልተያያዙበት ቢገባ ደግሞ ብረቱ ያለ ግራውንድ ይቀራል፤ «ዝዝዝ» ይከተላል። ታንክ የሚገዛ ሰው ርዝመቱን ብቻ አይቶ እንዳይመለስ። የመጨረሻዋ ቢ ክፍቱ ወደ ታች ሆኖ በጠፍጣፋ እንደሚቀመጥ ትናገራለች። በቴስተር ሲለካ ደግሞ (ቴስተር የሚለካው በቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሆነ ቁጥሩ ከኮዱ ያንሳል) የዚህ ታንክ መግቢያ 1 ኦም ገደማ፣ መውጫው 200 ኦም ገደማ መሆን አለበት። ለክቼዋለሁ፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።

26 ያደረግኩት ነው። ታንኩን ከከረጢቱ ጋር ከሥር ፈትቼ፣ አምፑ በርቶ ሳለ በእጄ ያዝኩት። ሳዞረው ድምፁ ይወጣል፣ ይወርዳል። መውጫው ጫፍ ወደ ኃይል ትራንስፎርመሩ ሲጠጋ ያጓራል። ገልብጬ መውጫውን በሌላው ጎን ሳደርገው ከግማሽ በላይ ወረደ። ማውረጃውንና ስታብላይዘሩን 2 ሜትር ያህል ሳርቃቸው የቀረው ለስላሳ ድምፅ አብዛኛው ጠፋ። ሸካራው ግን ነበር። የመውጫውን ገመድ ጃኩ ሥር ሳጎብጠው መጣ ሄደ አለ። መከለያው ሽቦ ተበጥሶ በጥቂት ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ቆርጬ በየድኩት፤ ሸካራውም ሄደ። አሁን እስከ 6 ድረስ ንጹሕ ነው። ከ7 በላይ ትንሽ ይሰማል፤ እዚያ ደርሼ ክራር አልጫወትም።

27 ላይ የእንጅባራው ወንድም ለቀረችው ትንሽ ድምፅ አንድ ነገር ጨመረ። ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ በዚያው ቮልት ሲሠራ ብረቱ 20 በመቶ ያህል ተጨማሪ መግነጢስ ይሸከማል። ይሞቃል፤ መስኩንም አብዝቶ ይረጫል። ከአምፑ ጀርባ 50/60 የሚል ጽሑፍ ካለ ስጋት የለም። የኔ 60 ብቻ ይላል። ማውረጃው የ110 ቮልት መውጫ ካለው ከ120ው ይልቅ በሱ እንድሞክር፣ ከረጅም ጨዋታ በኋላም የትራንስፎርመሩን ሙቀት እንዳይ መከረኝ። ማውረጃዬ 110 አለው። አዛውሬዋለሁ፤ ውጤቱን እዚሁ እጽፋለሁ።

በ28 የዳንግላዋ እህት ታንኩን በአዲሱ አቅጣጫ ሳስረው ከሥሩ ስፖንጅ እንዳደርግና ብሎኑን አጥብቄ እንዳላሥረው አሳሰበች። ከሳጥኑ ጋር ከተጣበቀ የስፒከሩ ንዝረት ወደ ሞላው ገብቶ ድምፁ ራሱን እያበዛ ይጮኻል። ያ ሌላ በሽታ ነው።

29 ከፍኖተ ሰላም ነው። የእሱም አምፕ ሪቨርቡ ሲከፈት ያሰማል፤ ኋላውን ቢያይ ግን ታንክ የለውም። ሪቨርቡ ዲጂታል ሳይሆን አይቀርም፤ እንደዚያ ከሆነ ከላይ ስለ ሞላና ስለ ታንክ አቅጣጫ የተባለው አይመለከተውም። ወንድም ዓለም፣ አዲስ ክር ክፈት። የአምፑን ጀርባ ፎቶ፣ በስንት ቮልት እንደሚሠራና ሪቨርቡ ዜሮ ላይ ምን እንደሚሰማ ጨምርበት። የዳንግላዋ እህት አያታለሁ ብላለች።